የላምበርትሴተር ግብጦ

መስከረም 14 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በኖርዌይ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 24 ቀን 1997፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጌጤ አንዲት የእንጨት ምልክት ጀምራ ሳትጨርስ ተነሣች። ምልክቷ ጫፏ የሾለ፣ ከተክል አጠገብ መሬት ላይ የምትሰካ ጠፍጣፋ እንጨት ናት። ከአጥሩ ሥር፣ ሌላው ሁሉ መርገፍ ሲጀምር ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ተክል ነበር፤ የሱን ስም ልትጽፍ የመጀመሪያውን ፊደል አስፍራለች። የቀረው የለም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ኦስሎ ውስጥ፣ አልናብሩ በሚባል ሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ወደቀች። ሐኪሞቹ የሞተችው የጭንቅላቷ ደም ሥር ፈንድቶ ነው አሉ። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

በለቅሶው ላይ ስለ ጌጤ ሁለት ነገር ተወራ። አንዱ፣ ጌጤ የማታውቀው ቅጠል አልነበረም የሚል ነው። ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የተወራ ነው፤ የሰው ልጅ በመርዝ ልትገድል ነበር የሚል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጌጤ የማታውቀው ቅጠል ብዙ ነበር። በልጅቷ ላይ የደረሰው ደግሞ እንዲህ ነው።

ጌጤ የተወለደችው ጎጃም፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ አፈሩ ስስ በሆነ አገር ነው። መሬቱ ሌላ እህል እንቢ ሲል ግብጦ ይዘራበታል። ግብጦ ነጭ አበባ ያለው፣ ፍሬው እንደ ባቄላ በቆባ የሚቀመጥ እህል ነው። ከምሬቱ የተነሣ ከብት እንኳ አይደፍረውም። ቆልተው በጆንያ ይሞሉትና ድንጋይ ጭነው ወንዝ ውስጥ ይከቱታል፤ ወንዙ ሌት ተቀን ምሬቱን እየጠረገ ይሄዳል። ሲወጣ ይቀመሳል። ምላስ ካልያዘ ጨው ነስንሶ መብላት ነው፤ ከያዘ ተመልሶ ወንዝ ይገባል። በእነ ጌጤ ቤት የምትቀምሰው እሷ ነበረች።

ባሏን ሱዳን ቀብራ ወደ ኦስሎ የመጣችው ወንድሟ አድነው ቀድሞ ስለነበረ ነው። አድነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ በመዝገብ ቤት የሠራ፣ ኦስሎም ውስጥ ሰነድ በመያዝ የሚተዳደር ሰው ነው። እሷ አልናብሩ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ልጅ አልወለደችም።

ላምበርትሴተር ወደሚባለው የኦስሎ ሰፈር የገባችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 ጸደይ ነው። አስትሪድ የሚባሉ አሮጊት ከላይ ይኖራሉ፤ እሷ ምድር ቤቱን ተከራየች። ከቤቱ ጀርባ ሰፊ ጓሮ አለ። የተከሉት የአስትሪድ ባል ኦላቭ ናቸው፤ ኦላቭ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልነካውም። በረዶው ሲቀልጥ ከየጥጉ ቡቃያ ብቅ ብቅ ሲል ጌጤ አሮጊቷን ይዛ ዞረች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ በሰኔ የሚያብበው ነው» አሉ አስትሪድ።

«ያኛውስ?»

«ያኛው ኦላቭ ጎንበስ ብሎ የሚያናግረው ነው።»

«እሺ፣ ይሄ ትልቁ ዛፍ?»

«እሱን አውቀዋለሁ። ጉልሬይን ነው። የተጋባን ዓመት የተከለው።»

አሮጊቷ የአንዱን ዛፍ ስም ብቻ ያውቃሉ። ጌጤ ደግሞ ስሙን በማታውቀው ነገር መካከል መኖር ይከብዳት ነበር። ከላምበርትሴተር ቤተ መጻሕፍት ባለ ሥዕል የአበባ መጽሐፍ ተዋሰች፤ አድነው እሑድ እሑድ እየመጣ ኖርዌጂያንኛውን ያነብላታል፣ እሷ ቅጠሉን ከሥዕሉ ጋር ታስተያያለች። ያረጋገጡትን የኖርዌጂያን ስም በግዕዝ ፊደል እንጨት ላይ ጽፋ ከተክሉ ሥር ትሰካለች፦ ሊሊየኮንቫል፣ ሬቨቢየለ። አማርኛ ስም ያለው ከተገኘ አማርኛውን።

«እታለም፣ ያላረጋገጥሽውን አትጻፊ» ይላታል አድነው። «ምልክት የሌለው ተክል ማንንም አያሳስትም።»

«አንተ እኮ ሰው ሁሉ ፋይል ይመስልሃል።»

«ፋይልማ ዝም ይላል።»

በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ በታችኛው አጥር በኩል ቁመቱ ሰው የሚያክል፣ ግንዱ ውሃ ያዘለ፣ አበባው ሮዝና ከንፈር የመሰለ ተክል አገኘች። እንሶስላ ነው ብላ ተጣራች። በአገሯ ሴቶች ለሠርግና ለበዓል ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን የሚሞቁት ነው። እየተቻኮለች ነቀለችው። ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጺም የሳሳ ነው፤ ቀዩና ወፍራሙ ነገር የለም።

«ዘመዱ ይሆናላ» አለ አድነው መጽሐፉን እያገላበጠ።

«ዘመድ ሆኖ ምን ሊረባኝ፣ እጅ ካላቀላ።»

ተሳሳቁ። ለዚያ ተክል የእንሶስላ ምልክት አልተሰካለትም። ጌጤ ሥሩን አይታ ነበርና።

ግብጦውን ግን ሥሩን አልጠየቀችውም። ቀደም ብሎ በሰኔ ከቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ በሰፈሩ ከሚያልፈው ባቡር ሐዲድም ግራና ቀኝ፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ቀጥ ብሎ አበበ። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው፤ ጠዋት ጤዛው መሐሉ ላይ እንደ ዶቃ ይቀመጣል። ይህን ቅጠል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አበባው ነጭ ሳይሆን ሐምራዊና ሮዝ መሆኑ አላሳሰባትም፤ ኖርዌጂያኖች ለዓይናቸው ሲሉ አቅልመውታል አለች። ፍሬው የአገሯን ግማሽ የማያክል፣ ዝንጉርጉር መሆኑም አላሳሰባት፤ ብርድ አገር ነው፣ አልፋፋም አለች። መጽሐፉን አልገለጠችም። ሰው የእናቱን ፊት ከመጽሐፍ አያመሳክርም። እንጨቱ ላይ «ግብጦ» ብላ ጻፈችና ሰካች፤ አድነውም የጎጃምን እህል ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች ብሎ ተወላት።

ሁለት በጋ አበባውን እያየች ብቻ አሳለፈች። በሦስተኛው፣ በ1997፣ ለፍልሰታ ጾም የቤተ ክርስቲያኗን ማኅበር ግብጦ ላበላ ብላ ተነሣች። ሐምሌ ሲጋመስ ጥቁሩና ጠጉራሙ ቆባ በፀሐይ እየተንጣጣ ሲፈነዳ፣ ሳይበተን እየቀደመች ለቀመች። ቆላችው። የቀረው ወንዙ ነው። ከላምበርትሴተር ዝቅ ብሎ፣ ከዛፎቹ መካከል ትንሽ ወንዝ አለ። ጆንያውን ይዛ ወርዳ ከዳር ቆመች። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ያልፋሉ። አንዱ ቆሞ ሰላም አላትና ጆንያውን አየ። አንዲት ጥቁር ሴት የታሰረ ጆንያ ወንዝ ውስጥ ስትከት ያየ ኖርዌጂያን ፖሊስ ሳይጠራ አያድርም ብላ አሰበች። ተመለሰች። ግብጦውን በባልዲ ዘፈዘፈችውና ጠዋት ማታ ውሃውን መቀየር ጀመረች።

የባልዲ ውሃ የሚሄድበት የለውም። ጌጤ ይህን ታውቅ ነበር፤ በቀመሰች ቁጥር መምረሩን ትንሽ ቀንሶ አገኘችው እንጂ ጨርሶ አልለቀቀም። ማኅበሩ የሚገናኝበት እሑድ ደረሰ። የመጨረሻ ቀን ስትቀምሰው ከምላሷ ጫፍ ላይ ያዝ አደረጋት፤ ያ ያዝ ማድረግ ደግሞ የልጅነቷ ጣዕም ነበር። ቀቅላ፣ ጨው ነስንሳ፣ በትልቅ ሳህን ይዛ ሄደች።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከኖርዌጂያኖች በተዋሰው አዳራሽ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሕፃናቱ ቆርበዋል። ከቆረቡት አንዷ የዮሐና ልጅ ኤልዳና ነበረች፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ዮሐና በአረጋውያን ቤት የምትሠራ፣ ያለ ባል ልጇን የምታሳድግ ወጣት ሴት ናት። ኖርዌይ ስትገባ ወሊድ ላይ አጠገቧ የነበረችው ጌጤ ናት፤ ኤልዳናን የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያቀፈቻት እሷ ናት። ዮሐና ጌጤን እትዬ እያለች ነው የምትጠራት።

«ጌጤ፣ ይሄ ከጎጃም በፖስታ መጣልሽ?» አለች አሰለፈች ከሳህኑ እየዘገነች። አሰለፈች የማኅበሩን ምግብ የምታስተባብር፣ አንደበቷ የማያርፍ ሴት ናት።

«ከጓሮዬ ነው።»

«ኖርዌጂያን ግብጦ ይዘራል እንዴ?»

«ለዓይኑ ይዘራል። አይበላውም።»

«ይይላቸው እቴ። እህል ዘርቶ ማየት።»

ዮሐና ሁለት ፍሬ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «እትዬ፣ ይመራል እኮ።»

«ግብጦ ትንሽ ካልመረረ ግብጦ አይባልም» አለች ጌጤ። «አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ።»

ኤልዳና ከቁርባን በፊት ያለውን ሰዓት ሁሉ ምንም ሳትቀምስ የቆየች ናት። «ታንተ ጌጤ፣ ልጨምር?» አለች። ታንተ ማለት በኖርዌጂያንኛ አክስት ነው። ጌጤ በሁለት እጇ አፍሳ ጨመረችላት። ልጅቷ ከሁሉም አብልጣ በላች፤ ይህም ለጌጤ ደስታ ነበር።

ከዚያ ዮሐናና ልጇ፣ አድነውም ጭምር፣ ወደ ጌጤ ቤት ሄዱ። ትልልቆቹ ጓሮ ተቀምጠው ሲያወሩ ኤልዳና ከጉልሬይኑ ሥር ስትጫወት ቆየች። ዛፉ በሰኔ ቢጫ አበባውን እንደ ወይን ዘለላ ያንጠለጥላል፤ በነሐሴ አበባው ያለፈበት ሁሉ ቆባ ይሆናል፣ ባቄላ ይመስላል። ልጅቷ ከወዳደቀው ኪሷን ሞላች። ከቀኑ ማምሻው ላይ ተነሥታ ልትመጣ ስትል ተንገዳግዳ ወደቀች። አስመለሳት። ዮሐና ፊቷን ቀና ስታደርግ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ዓይኗ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ነበር።

«ማማ፣ አይታየኝም።»

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ምን በላች ተባለ። ዮሐና ሁላችንም የበላነውን ምግብ ነው አለች፤ እውነቷን ነው። ቀጥላ ከልጅቷ ኪስ ቆባዎቹን አወጣች። ሐኪሙ አንዱን ይዞ አየው፤ ጉልሬይን ይሄ ነው፣ በየዓመቱ ልጆች ይታመሙበታል፣ መርዝ ነው አለ። እንደዚያው ተጻፈ። ጌጤ ከበሩ ጋር ቆማ ነበር። ግብጦ የሚለው ነገር በዚያች ሰዓት ከልቧ አልገባም። እመቤታችንን ስትለምን ነው ያደረችው።

ኤልዳና ዳነች። ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀረች፤ ፊደሉ ይንቀሳቀስብኛል ትል ነበር፤ ከዚያ ያም ተዋት። ዮሐና ግን አልበረደላትም። አስትሪድ ዘንድ መጥታ ዛፉ እንዲቆረጥ ጠየቀች። አሮጊቷ አልተከራከሩም።

«ልጅ ትበልጣለች» አሉ። «ቅዳሜ መጋዝ ያለው ሰው እጠራለሁ።»

ከዚያ በኋላ አስትሪድ በጓሮው በኩል ያለውን መጋረጃ አልከፈቱትም።

ጌጤን መጀመሪያ የከነከናት ትንሽ ነገር ነው። ያን እሑድ ራሷ ውሃ ጠጥታ አልረካ ብላ ነበር፤ አፏ ደርቆ ዋለ። ረቡዕ ዕለት አድነው ሲመጣ ጠየቀችው።

«እሑድ መነጽርህን ስትወለውል የዋልከው ምን ሆነህ ነው?»

«ጽሑፉ ደብዘዝ አለብኝ። ምነው?»

«ምን ያህል በላህ?»

«ከምኑ?»

እሷ ስልኩን አነሣች። አሰለፈች ጋ ደወለች። አሰለፈች ራሴን አዙሮኝ በጊዜ ተኛሁ፣ ጾሙ ነው አለች። በፍልሰታ ራሱን ያዞረው ሰው ሁሉ ጾሙ ነው ይላል። ሌላ ነገር ማን ይጠረጥራል?

በማግስቱ የዮሐና ቤት ልጅቷን ለመጠየቅ ሄደች። ዮሐና ወጥ ቤት ሳለች ከኤልዳና አጠገብ ተቀመጠች። እስከዚያ ቀን ልጅቷን ራሷን የጠየቃት አልነበረም፤ ታማ ስለነበር፣ በኋላም እናቷ አታንሱባት ስላለች።

«ኤልዲ፣ ያን ከዛፉ የለቀምሽውን ቀምሰሽው ነበር?»

«ኔይ» አለች፤ አይ ማለቷ ነው።

«አንድም?»

«ኔይ፣ ታንተ ጌጤ። ዓሣ ናቸው እኮ። እያጠመድኩ ነበር።» ልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቁ ገርሟት አየቻት። «ጾም ነበር። ዓሣ አይበላም።»

ዮሐና ስትመጣ ጌጤ ጉሮሮዬን አሞኛል ብላ ተነሥታ ሄደች።

ያኑ ዕለት ቲባኔ የሚሉትን የከተማ ባቡር ይዛ ወደ ቶየን፣ የዕፅዋት ቤተ መዘክሩ ወዳለበት ሄደች። በፕላስቲክ ከረጢት ቅጠሉን፣ ደረቁን ቆባና ፍሬውን፣ ከጉልሬይኑም አንድ ዘለላ ይዛለች። የተቀበለቻት ሴት ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የመጀመሪያው ሀገሉፒን ነው አለች፤ የአበባ ሉፒን፣ ከአሜሪካ የመጣ። ጌጤ በአገሯ ነጭ አበባ ያለው፣ ፍሬው ጠፍጣፋና ትልቅ እንደሆነ፣ እንደሚበላም በተሰባበረ ኖርዌጂያንኛ ነገረቻት። ሴትዮዋ በጥሞና ሰማቻት። ያ ሌላ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም፤ የናንተውም ቢሆን በደንብ ካልታጠበ ይጎዳል፤ ይሄኛውን ግን እንዳትበይው አለቻት። ጌጤ ስለ ዓይን ብሌን ጠየቀች። ሴትዮዋ የሉፒን መርዝ ብሌን ያሰፋል ይባላል፣ ለእርግጠኛው ሐኪም ጠይቂ አለች። ጉልሬይኑም መርዝ መሆኑን ሳትደብቅ ነገረቻት።

ወደ ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ግብጦ የሚለውን ምልክት መንቀል ነው። አድነው ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሲመጣ ጓሮ ቆማ አገኛት። ሁሉንም ነገረችው።

«ሐኪም ቤት የተጻፈው ስሕተት ነው ማለት ነው» አለ። «ነገ ደውዬ አሳርማለሁ።»

«አንተ የምታየው ወረቀቱን ነው።»

«ልጅቷ ሌላ ጊዜ ብትታመም ሐኪሙ የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ እታለም።»

«ይሁን፣ አሳርም። እኔ የማስበው ዮሐናን ነው።» የነቀለችውን እንጨት አገላበጠች። «ያቺን ልጅ ዳግመኛ በእጄ ትሰጠኛለች?»

አድነው የማያውቀውን ነገር አይናገርም።

ቅዳሜ ሳይደርስ ዓርብ ዕለት ወደ ዮሐና ሄደች። ዮሐና ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር።

«ነገ ዛፉ አይቆረጥም» አለች ጌጤ። «ዛፉ አይደለም።»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ነው የነገረኝ።»

«ሐኪሙ የነገረሽ አንቺ ያሳየሽውን ነው። ኤልዳና አልበላችውም። ዓሣ ነው ብላ ስትጫወትበት ነበር፣ ጾም ስለሆነ አልቀመሰችውም። ጠይቂያት።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ከኔ እጅ የበላችው ነው። ግብጦ አይደለም። ግብጦ መስሎኝ ነው።»

ዮሐና የለበሰችውን ካፖርት ቁልፍ ይዛ ቆመች። «ይመራል ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ካልመረረ ግብጦ አይባልም አልሽኝ።»

«አልኩሽ።»

«የከተማ ልጅ ነሽ አልሽኝ።»

ጌጤ አንገቷን ደፋች። ልጅቷ ከውስጥ ቴሌቪዥን ከፍታ ነበር፤ የሚስቅ ሕፃን ድምፅ ይሰማል። ዮሐና በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች።

«ይሂዱ» አለቻት። ሰባት ዓመት አንቺ ስትላት የኖረች ናት።

አስትሪድ ሲነገራቸው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከዚያ መጋረጃውን ከፍተው ዛፉን አዩት። ጌጤ እሱም መርዝ መሆኑን፣ ቆባው ሳይደርቅ መለቀም እንዳለበት ነገረቻቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ሰኞ ዕለት መሰላል ይዘው ለቀሙት። ግንዱ ላይ «ጉልሬይን፣ አይነካም» የሚል ምልክት አሰረችበት። ከግድግዳው ጥግ ደግሞ «ሀገሉፒን፣ አይበላም» የሚል ሰካች።

ማኅበሩ ግን ምልክት አያነብም፣ ወሬ ይሰማል። ጎጃሜ ናት፣ ሥር ማሽ ናት ተባለ። ጓሮዋ ውስጥ በየቅጠሉ ሥር በግዕዝ የተጻፈ እንጨት ተክላለች፣ አስማት ነው ተባለ። አሰለፈች ይህን አልጀመረችውም፤ አላስቆመችውምም። ለዘመን መለወጫ ጌጤ እንደ ሁልጊዜው ድፎ ዳቦ ጋግራ ሄደች። ጸሎቱ አልቆ ምግቡ ሲቀርብ የሰው እጅ የሷን ዳቦ እየዘለለ ወደ ሌላው ሳህን ይሄድ ጀመር። አድነው ሁለት ቁራሽ በላ፤ እንዲያዩት ብሎ ቆሞ በላ። ዮሐና ከአዳራሹ ማዶ ኤልዳናን ከጎኗ አስቀምጣ ነበር። ልጅቷ ለጌጤ እጇን አወዛወዘች፤ እናቷ የልጅቷን እጅ ቀስ ብላ ያዘችው።

ጌጤ ዳቦውን ጠቅልላ ይዛ ተመለሰች። በባቡሩ ላይ ጭኗ ላይ አድርጋው ነበር።

«ሌላ ጊዜ አትጋግሪ» አለ አድነው። ተቆጥቷል።

«ባልጋግርማ ያሉት እውነት ነው ይባላል።»

«ብትጋግሪስ ማን በላልሽ?»

«አንተ በላህ።»

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። አልናብሩ ቢሮ ስታጸዳ ውላ ስትመጣ ጓሮ ትገባለች። መጽሐፉን እየገለጠች ያልታወቁትን ትለያለች። አሁን አንድን ተክል በቅጠሉ፣ በግንዱ፣ በሥሩ፣ በፍሬው ሳታየው ስም አትሰጠውም። አንዳንዱን ቆፍራ ታይና መልሳ ታለብሰዋለች። ከዚህ በፊት የሰካቻቸውንም እንደገና ትመረምር ጀመር። ፊቷ ጠቁሯል፣ ከስታለች። አድነው ሐኪም ዘንድ እንሂድ ሲላት ደህና ነኝ አለችው። ራሷን እንደሚያማት የነገረችው ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው አለች።

መስከረም 14 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ ያቺን ምልክት መጻፍ እንደጀመረች ስልኳ ጮኸ። ዮሐና ናት። የአረጋውያን ቤቱ ተረኛ ታሞ ቀርቷል፣ ልትወጣ አልቻለችም፣ ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚቆዩበት ክፍል ደግሞ ሊዘጋ ነው።

«ሌላ ሰው አጣሁ» አለች ዮሐና። «ደውዬ ደውዬ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ቤት አድርሰሻት እስክመጣ ትጠብቂልኛለሽ? ቁልፉ ከሷ ጋር ነው።»

«እሄዳለሁ።»

እጇን ታጠበች፤ አፈር የነካ ጫማዋን ቀየረች። ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ኤልዳና ቦርሳዋን አዝላ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። የልጆቹ ጠባቂ ጌጤ ማን እንደሆነች ስትጠይቅ ኤልዳና መለሰች፦ «ታንተዬ ናት።» መንገድ ላይ የጌጤን እጅ ይዛ ስለ ጥርሷ፣ ስለ አዲሱ አስተማሪ፣ ለጎረቤት ውሻ ስለ ወጣለት ስም አወራች። ከሱቁ አጠገብ ሲደርሱ ቆመች።

«ርቦኛል። ቦለ ግዢልኝ።»

«እናትሽ ስትመጣ ትበያለሽ።»

«አንድ ብቻ። ትንሹን ዳቦ።»

«ኔይ፣ የኔ ልጅ። እናትሽ ትምጣ።»

ቤት ገብተው ኤልዳና ሁለቴ ጠየቀች፤ ጌጤ ውሃ እንኳ ራስሽ ከቧንቧው ቅጂ አለቻት። ማቀዝቀዣውን አልከፈተችም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ከወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ስታነብ አዳመጠች። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው እንደቆሙላት ከድምፅዋ ትሰማ ነበር።

ዮሐና ስትገባ ልጅቷ ቀደመች። «ማማ፣ ርቦኛል፣ ታንተ ጌጤ ከለከለችኝ።»

ዮሐና ጠረጴዛውን አየች፤ ጌጤን አየች፤ ካፖርቷን አየች። «ለምን አልሰጠሻትም?»

«አላልሽኝም።»

ዮሐና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ዳቦ አውጥታ ለልጅቷ ቆረሰች። ጀርባዋን ሰጥታ ማርማላታ ስትቀባ ቆየች። ማርማላታ መቀባቱ ያን ያህል ጊዜ አይወስድም ነበር።

«ነገም እንደዛሬው ነኝ» አለች ሳትዞር። «ልጅቷ ሥራ እስኪያልቅልኝ ድረስ ማን ዘንድ ትሁን?»

«ከአልናብሩ በጊዜ እወጣለሁ።»

«ስታመጪያት ግን የሚበላ ነገር ስጫት። እንዲህ አድርገሽ አታስርቢብኝ።»

ጌጤ እሺ አለች። ደረጃውን ስትወርድ የግድግዳውን መያዣ ይዛ ነበር፤ ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ሰላም ተባባሉ፤ እሱ ነው በኋላ የተናገረው። ከዚያ ሱቁ ሳይዘጋ ገባች። ዳቦ የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ብዙ ቆመች። ክፍቱን ተወችና የታሸገውን አነሣች፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን፣ ምን ምን እንደገባበት፣ ከላይ እስከ ታች አነበበች። አንድ ቃል አልገባት ሲላት ገንዘብ ተቀባይዋን ጠየቀቻት፤ የስንዴ ዱቄት ዓይነት ነው ተባለች። አራት ትንንሽ ቦለ የያዘውን ፓኬት ገዝታ በሥራ ቦርሳዋ ውስጥ፣ እንዳይጨፈለቅ ከላይ አደረገችው።